የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፦ ስለ ባክ ኦፊስ ሥራ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የሬዲዮ ዝግጅታችን ያወራነው ባክ ኦፊስ ስለሚባለው ሥራ ነበር። አንድ ባንክ፣ አንድ ኢንሹራንስ ወይም አንድ የውጭ ድርጅት የሒሳብ መዝገቡን፣ የደመወዝ ዝርዝሩን፣ የደንበኞቹን ስልክና ኢሜይል ሌላ ከተማ ላለ ሰው ከፍሎ ያሠራል። ይህ ሥራ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲመጣ ምን እናድርግ? ስልክ በዝቶ በአየር ላይ ያልመለስኳቸው ስላሉ፣ እነሱንም ጨምሬ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ።

ዘንድሮ የተመረቀ ወጣት፣ ከባሕር ዳር፦ «ቴሌግራም ላይ ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ዳታ ኢንትሪ አገኘሁ። መጀመሪያ የምዝገባ ክፈል አሉኝ። ልክፈል?»

አትክፈል። ቀጣሪ ይከፍልሃል እንጂ አያስከፍልህም። መታወቂያህንም ፎቶ አንስተህ አትላክላቸው። ልከህ ከሆነ ሌላ ነገር አትጨምር፤ ዝጋቸው።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦ «አዲስ አበባ እያለች ድርጅቶቹ እኛ ጋ ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?»

የኔታ፣ ትልቁ ምክንያት ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮል ሴንተር፣ ማለትም የጥሪ ማዕከል፣ የከፈተ ሰው የሠራተኛ መልቀቅ ነው የሚያንገበግበው። ልጁን አሠልጥኖ ሳይጨርስ ሌላው ትንሽ ጨምሮ ይወስድበታል። እዚህ ልጁ ከቤተሰቡ አቅራቢያ ይኖራል፣ የቤት ኪራዩም ይቀለዋል፣ ስለዚህ ይቆያል። ለዚህ ሥራ ደግሞ መቆየት ማለት ጥራት ነው።

የተማረ ሰውም አለን። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከተከፈተ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እሱና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው በ1992 ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የእናንተም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ጀምሮ ያስተምራል። ተማሪዎቹ ከየክልሉ ነው የሚመጡት፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። የአንድ ባንክ ጥሪ ማዕከል አማርኛ ብቻ አይበቃውም፤ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ የሚመልስ ሰው ይፈልጋል። እነዚህ ልጆች ሲመረቁ እዚሁ ቢቀሩ ትልቅ ሀብት ናቸው።

አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ለልጆቹም ይንገሩልኝ። «እኛ ርካሽ ነን» እያልን አንሽጥ። ከእኛ የሚረክስ ከተማ ነገ ይገኛል። «ሥራችሁን በአደራ እንጠብቃለን» ማለት ነው የሚያዋጣን። ያንን ለማለት ደግሞ የይለፍ ቃል አለመጋራትን መልመድ አለብን፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ተማሪ፣ ከሞጣ፦ «እንግሊዝኛዬ እንደ ፈረንጅ አይደለም። ያስቀረኛል?»

አያስቀርሽም። በግልጽ ተናገሪ፣ ኢሜይል ሳትሳሳቺ መጻፍ ተማሪ፣ ኤክሴል ጨርሺ።

ነጋዴ፣ ከባሕር ዳር፦ «መብራትና ኢንተርኔት እየጠፋ ማን ደፍሮ ይመጣል?»

እውነቱን ልንገርዎት፤ ከድርጅቶች ጋር ስንነጋገር መጀመሪያ የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። የጣና በለስ ጣቢያ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በ2002 ተመርቋል፤ ጓሮአችን ነው። ቤታችን ግን መብራት ይጠፋል። ችግሩ ማመንጨት ላይ ብቻ ሳይሆን ማከፋፈያው መስመር ላይም ነው። እሱን ድርጅቱ በጄኔሬተርና በባትሪ ይሸፍነዋል፤ ወጪ ነው እንጂ መፍትሔ የሌለው ነገር አይደለም።

ኢንተርኔቱ ይከብዳል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በነበረው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ይህን ደብቆ ደንበኛ ማምጣት አይቻልም፤ ፈልጎ ያገኘዋል። ስለዚህ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሁለት ኩባንያ ሁለት መስመር ይግባ፤ አሁን ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም አሉ። ሁለተኛ፣ ሲቋረጥ ሥራው ወዴት እንደሚዞር አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀመጥ። አዲስ አበባ ትንሽ ቢሮ ያለው ድርጅት ሥራውን ለጊዜው እዚያ ያዞራል። ሰላም ሲጠፋ ግን የእኔ ምክር አይበቃም፤ ይህን ሥራ ከምንም በላይ የሚስበው ሰላም ነው።

የከተማ አስተዳደር ሠራተኛ፦ «እኛ ቦታ አዘጋጅተናል፣ አጥረናል። ኢንቨስተሩ ግን አይመጣም። ምን ጎደለን?»

ወንድሜ፣ እነዚህ ሰዎች መሬት አይፈልጉም። መሬት የሚፈልገው ፋብሪካ ነው። ባሕር ዳር ኢንዱስትሪ ፓርክ ለልብስ ስፌት ጥሩ ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ሼድ አይጠቅመውም። የተከራየ ፎቅ፣ የማይቋረጥ መስመርና ነገ ሥራ መጀመር የሚችሉ ሃምሳ ልጆች ይበቁታል።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። አሜሪካ ውስጥ ሱ ፎልስ የምትባል ከተማ አለች። በዚያን ጊዜ ወደ 80 ሺህ ሰው ነበር የሚኖርባት። በ1981 እ.ኤ.አ. ሲቲባንክ የክሬዲት ካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ ነቅሎ ወደዚያ ወሰደው። የሳበው መሬት አልነበረም። ከተማዋ ያለችበት የደቡብ ዳኮታ ግዛት የወለድ ጣሪያ ሕጉን፣ ማለትም ባንክ የሚጠይቀውን ወለድ የሚገድበውን ሕግ፣ አንስቶ ባንኩን በቶሎ አስተናገደው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ባንኮችም ተከተሉ።

እኛ የወለድ ሕግ አንቀይርም። መልስ መስጠት ግን እንችላለን። ከውጭ ለሚመጣ ኢሜይል በሁለት ቀን መልስ የሚሰጥ፣ ስሙና ስልኩ የታወቀ አንድ ሰው መድቡ። ሰውዬው ስብሰባ ሲሄድ ተተኪ ይኑረው። ከዩኒቨርሲቲው ጋር ሆናችሁ ዝርዝር ያዙ፤ ስንት ልጅ ኤክሴል ይችላል፣ ስንት ልጅ በምን ቋንቋ ስልክ ይመልሳል። ዝርዝሩን ግን ከነስማቸው በቴሌግራም አትበትኑት!

የመጀመሪያ ደንበኛችሁንም አሜሪካ አትፈልጉ። አዲስ አበባ ያሉትን ባንኮችና ኢንሹራንሶች አንኳኩ። በ2017 የወጣው የባንክ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል፤ ፉክክሩ ሲጠና ሁሉም የማይቋረጥ የጥሪ ማዕከል ይፈልጋል።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር፦ «አምስት ሆነን ትንሽ የሒሳብ ቢሮ ከፍተናል። በዘመድ በኩል አውሮፓ ያለ ድርጅት መዝገቡን ሊሰጠን ነው። የምንሠራው በፒችትሪ ነው፣ ሰነድ የምንቀባበለው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሌላ ምን ያስፈልገናል?»

እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። አሁን ግን ሥራ አቁመሽ ስሚኝ። ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ ነው የምሰማው፤ በሰማሁ ቁጥርም ያሳስበኛል።

ከሒሳብ ሶፍትዌሩ ከፒችትሪው ልጀምር። እኛ አገር የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ «ፒችትሪ የሚችል» ይላል። ስሙ ከተቀየረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬ ሴጅ 50 ነው የሚባለው። እናንተ ጋ ያለው በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር የኖረ፣ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራ አሮጌ እትም ከሆነ፣ ክራክ ያደረገውን ሰው አታውቂውም። ከሶፍትዌሩ ጋር ምን እንደጫነልሽም አታውቂም። ስትጭኑት «አንቲ ቫይረሱን አጥፉ» የሚለው ለምን እንደሆነ ጠይቃችኋል? የሰው ደመወዝና የባንክ ሒሳብ ቁጥር እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ አይገባም።

ወደ ቴሌግራሙ ልምጣ። ግሩፑ ውስጥ የገባች አንዲት የመታወቂያ ፎቶ በአምስታችሁም ስልክ ላይ ትቀመጣለች። ከእናንተ አንዱ ሥራ ሲለቅ ስልኩን ይዞ ነው የሚሄደው። ስልኩ ሲበላሽ ጠጋኝ ቤት ይገባል። ጠጋኙ ስክሪን ቀይሮ ሲሞክረው ጋለሪውን ይከፍታል፤ የደንበኛችሁ መታወቂያ እዚያ ነው።

ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አለ። የቢሮው ፕሪንተር ቀለም ሲጨርስ ፍላሽ ይዛችሁ ትሮጣላችሁ። ልጁ ፋይሉን ዴስክቶፑ ላይ ገልብጦ ያትምላችኋል። ከፍላችሁ ትወጣላችሁ፤ ፋይሉ እዚያው ይቀራል። እስቲ በሚቀጥለው ስትሄዱ ስክሪኑን እዩት። የማን ሲቪ፣ የማን የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የየትኛው ድርጅት የደመወዝ ፔሮል እንደተደረደረ ታያላችሁ። ፍላሹም ከዚያ ቫይረስ ይዞ ቢሮ ይመለሳል።

የይለፍ ቃሉ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ብዙ ቢሮ ስገባ አንድ ኮምፒውተር፣ ለሁሉም አንድ የይለፍ ቃል ነው። እሱም በእስክሪፕቶ ተጽፎ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። «እኛ እንተማመናለን» ይሉኛል። ተማመኑ፣ ጥሩ ነው። ግን አንድ ቀን ገንዘብ ቢጎድል ማን ገብቶ እንደነካው መዝገቡ አይለይም። አምስታችሁም ትጠረጠራላችሁ። ንጹሑን ሰው ከሐሜት የሚያድነው የራሱ የይለፍ ቃል ነው። ለጓደኛ አይሰጥም፣ ለአለቃ አይሰጥም፣ ለእጮኛም አይሰጥም።

አንድ የማውቀው ቢሮ ደንበኛው የደኅንነት መጠይቅ ልኮለት ሁሉም ላይ «አዎ» ብሎ ሞላ። ከዚያ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ስክሪናችሁን አሳዩን ተባሉ። ሲከፍቱት በስተቀኝ በኩል የቴሌግራሙ ግሩፕ ብቅ አለ፤ የደመወዙ ዝርዝር ተልኮበታል። ደንበኛው ምንም አልተናገረም፣ አመስግኖ ስብሰባውን ጨረሰ። ውሉ አልተፈረመም። ሰባት ልጆች ሥራ ሳይጀምሩ ቀሩ።

የአውሮፓው ሰው የሚፈራበት ምክንያት አለው። ጂዲፒአር የሚባለው የመረጃ ጥበቃ ሕጋቸው ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ ከባድ ጥፋት ሲሆን ቅጣቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከድርጅቱ የዓመት ሽያጭ እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፤ የሚወሰደው ከሁለቱ የበለጠው ነው። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 1321/2016። «አላወቅንም ነበር» ማለት አያድንም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ደንበኛው በራሱ ሲስተም እንድትገቡ ይፍቀድላችሁ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ኩዊክቡክስ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር በኢንተርኔት ነው የሚጠቀሙት፣ ፒችትሪ አያስፈልጋችሁም። ለየአንዳንዳችሁ የየራሳችሁ መግቢያ ይከፈትላችሁ፤ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ይብራ። ሰነድ ደንበኛው ከሰጣችሁ ቦታ አይወጣ። ፍላሽ ቢሮ አይግባ። ሕትመት በቢሮው ፕሪንተር ብቻ፤ ቀለም ካለቀ ነገ ይታተማል። ሰው ሥራ ሲለቅ መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ። ግሩፑንም ዛሬ አጥፉት። ይህን ሁሉ ለማስተካከል ሁለት ወር ከፈጀባችሁ ሁለት ወር ዘግይታችሁ ጀምሩ። ደንበኛው ይጠብቃችኋል፤ ምክንያቱን ስትነግሩት እንዲያውም ይወዳችኋል።

አባት፣ ከዳንግላ፦ «ልጄ ባሕር ዳር ኮል ሴንተር ሌሊት ልሠራ ነው ትላለች። ልከልክላት?»

አባቴ፣ አይከልክሏት፤ ይጠይቋት። መጀመሪያ ደንበኛው የየት አገር ሰው ነው ይበሏት። የለንደን ከሆነ በክረምታቸው ከቀኑ 6 ሰዓት ተነሥታ ከምሽቱ 2 ሰዓት ትጨርሳለች፤ ሌሊት የሚባል ነገር የለውም። የኒውዮርክ ከሆነ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ያኔ ድርጅቱ ሰርቪስ መድቦ እስከ ቤቷ በር ማድረስ አለበት፤ በራሷ ባጃጅ ፈልጋ ትምጣ ካሉ ትተወው። ውሉ ላይ ሰርቪሱ ይጻፍ። ሕጉ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መደበኛ ሥራ አይፈቅድም። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትመደብም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ውሉን ከፈረመች በኋላ ሳይሆን ከመፈረሟ በፊት አብረው ያንብቡት።

ባለ ሕንፃ፣ ከባሕር ዳር፦ «ጂ ፕላስ 4 ጨርሻለሁ። ለኮል ሴንተር ይሆናል?»

ታችኛው ፎቅ ላይ ሙዚቃ ቤት ወይም የብረት በር የሚሠራ ጋራዥ ካለ አይሆንም። ጄኔሬተሩ የት ይቀመጣል? መጸዳጃው ለስንት ሰው ነው? ለሌሊት ፈረቃ መውጫው ብርሃን አለው? እነዚህን አስተካክለው ይደውሉልኝ። ቴሌዎችንም ፋይበር እስከ ሕንፃው እንዲያስገቡ አሁኑኑ ያመልክቱ፤ ተከራይ ከመጣ በኋላ ይዘገያል።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ «ኤአይ ይህን ሥራ አይበላውም?»

ኤአይ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የተወሰነውን እየበላው ነው። ከወረቀት አይቶ መገልበጥ ብቻ የምታውቅ ከሆነ ቶሎ ሌላ ተማር። የሚቀረው ማሽኑ የሠራውን የሚፈትሽ፣ ደረሰኙ ለምን ከመዝገቡ እንዳልገጠመ የሚጠይቅ፣ የተቆጣ ደንበኛን በአማርኛ የሚያረጋጋ ሰው ነው። ሒሳብ ከወደድክ ኤሲሲኤን አስብበት፤ በብዙ አገር የሚታወቅ የሒሳብ ሙያ ፈተና ነው። የደንበኛ ሰነድ ግን ኤአይ ላይ ለጥፈህ «አሳጥርልኝ» አትበል፤ ያለ ፈቃድ የሰው ሰነድ ከቢሮ ማውጣት ነው።

ወጣት፣ ከፍኖተ ሰላም፦ «የውጭ ድርጅት በዶላር ሊከፍለኝ ነው። ውሉን ራሴ ልፈርም? ግብሩስ?»

በስልክ የሚመለስ አይደለም። ውሉን ጠበቃ፣ የውጭ ምንዛሬውን ባንክህ፣ ግብሩን የታክስ ባለሙያ ይየው። ሳይታይልህ አትፈርም። በሌላ ሰው ስም በተከፈተ አካውንት አልቀበልም በል፤ አንተም የራስህን አታከራይ።

የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ፦ «ቀኑን ሙሉ ሄድሴት አድርጌ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ጆሮዬ ይጮኻል።»

ይህ የእኔ ሙያ አይደለም፤ የጆሮ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ በዚህ ሳምንት። እስከዚያው ድምፁን ቀንሺው፣ ለአለቃሽም በጽሑፍ አሳውቂ። ሄድሴቱንም ከተረኛዋ ጋር እየተቀያየራችሁ ከሆነ የየራሳችሁ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።