ስኳር ልጨምርልሽ?

እንዴት ናችሁ? ስቀዳ ከጀርባ የሚጮኸው ዶሮ ዛሬም አለ። የጎረቤት ነው፣ ላጠፋው አልችልም። «ከአንቺ ዶሮው ይሻላል» ብላችሁ የጻፋችሁትን አንብቤዋለሁ።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። የእትዬ ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለኝ። አዎ፣ የአራተኛ ፎቋ እትዬ።

እሁድ ነው። ሁለታችን ብቻ ነን፣ ቶና ላይ ደርሰናል። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነበር የምናወራው፣ እውነቴን ነው። ድንገት «ወንድሜ ሽንኩርት አይወድም ነበር» አለች። «ነበር» አለች።

ከዚያ ቀጠለች። ወንድሟ መቀሌ ነበር። ስልክ ተዘግቶ ስለነበር መሞቱን የሰማችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ2015፣ ስልኩ ሲከፈት ደወለች። የወንድሟ ልጅ አነሳች። «አባትሽን አቅርቢልኝ» አለቻት።

መርዶ እኮ እንዲህ አይነገርም። በማለዳ ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ጎረቤት በር ላይ ይቆማል፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ሰው አለ። እሷ ታክሲ ውስጥ ነበረች። «‹ወራጅ አለ› አልኩና ወረድኩ። የት እንደወረድኩ ግን አላውቅም» አለችኝ።

እኔስ ምን አልኩ? «ወሎም ላይ እኮ ስንት ሰው አልቋል።»

ውሸት አይደለም። ወልድያ በተያዘችባቸው ወራት፣ አክስቴ ጋ ደውለን ደውለን ስናጣ የሆንኩትን ታውቃላችሁ። እዚሁ ማይክ ላይ አልቅሼ የለ? ግን ያኔ ሽሮ ይዛ የመጣችው ማን ነበረች? እትዬ ናት። አጠገቤ ቁጭ ብላ «እህ… እህ…» ብቻ። ለካ የራሷም ስልክ ያን ጊዜ ዝግ ነበር። አንድም ቀን «እኔም እኮ» አላለችኝም።

ያልኩትን አሥር ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። አንዳንዴ ድምፄ ለስላሳ የነበረ ይመስለኛል። «አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም» ለማለት ፈልጌ ይሆናል። አንዳንዴ ግን… አይ፣ ነጥብ እያስቆጠርኩ ነበር።

እሷ «ልክ ነሽ» አለች። ረከቦቱ ላይ አየት አድርጋ «ስኳር ልጨምርልሽ?» አለችኝ።

እኔ ቡና በጨው ነው የምጠጣው። በዚህ ስንት ጊዜ ሰድባችሁኛል! እትዬ ለእኔ ብላ ትንሽዬ የጨው ዕቃ ረከቦቱ ላይ ታስቀምጣለች። ስድስት ዓመት! ረስታው ሊሆን ይችላል። ሰው ይረሳል እኮ። ወይስ እንግዳ ሆንኩባት? «አዎ» ብዬ በስኳር ጠጣሁት። እንዴት እንደሚጣፍጥ ልንገራችሁ፣ አስጠላኝ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። እሳቸውም እህ ብለው ሰሙኝና ዝም አሉ። ምክር ጠብቄ ነበር፣ ተናደድኩ ሁሉ። ደረጃውን ስወርድ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።

ያሬድ በጾመ ድጓው ጆሮም ይጹም፣ ክፉ ከመስማት ይጹም ይላል። ሐሜት ሲጀመር ብድግ ብዬ የምወጣው በዚህ ነው። እሺ፣ አንዳንዴ ነው የምወጣው። ግን የእትዬ ወንድም ሞትስ ክፉ ወሬ ነው? እኔ ጆሮዬን ያስጾምኩት ከክፉ ነው፣ ወይስ የኛ ሰፈር ካላወራው ነገር? ፌስቡክ ላይ ስንቱን ስድብ ስሰማ እያደርኩ…

ደግሞ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን በ2014 ሲቋቋም «ይነጋገሩ እንጂ፣ ምን አለበት!» ያልኩት እኔው ነኝ። ይነጋገሩ! እኔ አምስት ደቂቃ አቃተኝ። አምስትም አይሞላም።

በሌላ በኩል ደግሞ የአክስቴን ነገር ማን ይስማ? ሁልጊዜ እኔ ብቻ ነኝ ዝም የምለው? ይኼንንም አስባለሁ፣ አልዋሻችሁም። መልስ የለኝም።

ትናንት ደረጃ ላይ ተገናኘን። ጄሪካን ይዛለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «እትዬ፣ የእሁዱ…» ልል ነው።

«ውኃ መጣ እንዴ?» አልኳት።

«መጥቷል፣ ሳይሄድ ቶሎ ቅጂ» አለችኝ።

ሮጥኩ። ምን ላድርግ፣ በአምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው።