ገንዘቡን መቼ ትፈልገዋለህ?

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስለ ኑሮ ውድነት ላስረዳችሁ አልቆምኩም፤ ገበያ የምትወጡት እናንተው ናችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አንተ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ ብሬን ምን ላይ ላውለው?» ይለኛል። ኮምፒውተርና ብር ምን እንዳገናኛቸው እንጃ! እኔም መልሼ «መቼ ትፈልገዋለህ?» እላለሁ።

መጀመሪያ ግን ብሩ የት እንደሚሄድ ይታወቅ። ከባንክና ከቴሌብር ስልኬ ላይ የሚገቡትን መልእክቶች እየለቀመ ኤክሴል ላይ የሚደረድር ትንሽ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ወር ሲያልቅ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል። አንድ ቀን ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ 'ሌሎች' ማን ነው? ከቤት ኪራይ በላይ ወስዷል» አለችኝ። እናቷ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ኤክሴሉን አየሁ።

የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ ባንክ ይቀመጣል፤ ሌላ ነገር አይነካውም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 100 ብሬ 107 ስትሆን፣ በ100 ብር እገዛው የነበረው ዕቃ ከ130 በላይ ገባ ማለት ነው። ኪሳራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መስከረም ሲጠባ ብሩ በእጄ አለ።

ለክረምት የሚሆነውን ደግሞ እህል እናደርገዋለን። ይህ የባለቤቴ ሙያ ነው። ጥር ላይ አውድማው ሲጸዳ ገብስና ባቄላ ከገበሬው እጅ ትገዛለች። በደንብ አስጥታ፣ አንድ ፍሬ በጥርሷ ሰብራ መድረቁን ሳታረጋግጥ ጆንያ አታስርም። የአገራችን ብርድ አንድ ጥቅም ካለው ለነቀዝ አለመመቸቱ ነው። ሐምሌ ላይ የሽሮ እህል ዋጋ ሲሰቀል እኛ ከጆንያው እንቀዳለን። ይህን ኢንቨስትመንት የሚለው ሰው የለም፤ በእኔ ኤክሴል ግን ከባንክ ወለዱ በልጦ ታይቷል።

ለዓመታት የማንነካት ጥቂት ብር አክሲዮን፣ ማለትም የኩባንያ ድርሻ፣ ገዝታለች። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም ለሽያጭ ሲቀርብ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 ነበር፤ 9,900 ብር፣ በቴሌብር። ጥር 2017 አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ሥራ ጀምሯል። ቢሆንም አክሲዮን እንደ መንዝ በግ ገበያ ነድተው በዕለቱ ሸጠውት የሚገቡት አይደለም። ልጅ ቢታመም የሚያስፈልጋችሁን ብር እዚያ አታስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቴሌግራም «በቀን 3 በመቶ ትርፍ» የሚሏችሁ አሉ። ለታላቁ ልጄ አስላው አልኩት። ትርፉ እየተደመረ 10,000 ብር በዓመቱ ከ480 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል! «እንዲህ የሚያተርፍ ሰው የእኛን 10,000 ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እላለሁ።

የኤክሴሉን ፋይል በፍላሽ ይዣለሁ። የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ኮምፒውተር ክፍል ኑ፤ ስልካችሁ ላይ እጭንላችኋለሁ። አመሰግናለሁ።