ሜትሩ ሲነካው የሚወርድ ቮልቴጅ

[ስክሪን፦ 12 ቮልት ባትሪ፣ በተከታታይ የታሰሩ ሁለት ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች]

12 ቮልቱ ለሁለት እኩል ሬዚስተሮች ስለሚካፈል እያንዳንዱ ላይ 6 ቮልት መኖር አለበት። የዲጂታል ሙልቲሜትሩን ፕሮቦች የታችኛው ሬዚስተር ጫፎች ላይ እናሳርፍ።

[ቅርብ ምስል፦ ንባቡ 5.71]

ባትሪውም ሬዚስተሮቹም ደህና ናቸው። ቮልቴጁን ያወረደው ሜትሩ ራሱ ነው። አብዛኞቹ ዲጂታል ሜትሮች ቮልት ላይ ሲደረጉ 10 ሜጋ ኦም ያህል የውስጥ ሬዚስታንስ አላቸው። ፕሮቡ ሲነካ ይህ ከሬዚስተሩ ጋር ፓራለል (ጎን ለጎን የታሰረ) ይሆንና 1 ሜጋ ኦሙን ወደ 0.909 ያወርደዋል፤ ከ12 ቮልቱ የሚደርሰውም በዚያው ልክ ያንሳል።

ባለመርፌ ሜትር ላይ ይብሳል። ፊቱ ላይ «በቮልት 20 ኪሎ ኦም» የተጻፈበት ሜትር በ10 ቮልት ሬንጅ (እስከ 10 ቮልት በሚለካበት ማስተካከያ) 200 ኪሎ ኦም ብቻ ነው፤ እዚያው ቦታ ላይ መርፌው 1.7 አካባቢ ይቆማል! በሌላ በኩል ሁለቱን ሬዚስተሮች በ1 ኪሎ ኦም ብንተካቸው ዲጂታሉ 6 ቮልቱን ያለ ችግር ያነባል። የሜትሩ ሬዚስታንስ በሚለካው ነጥብ ላይ ካለው የሰርኪዩቱ ሬዚስታንስ 100 እጥፍ ከሆነ ስህተቱ 1 በመቶ ገደማ ነው።

የሜትሩ ከፍተኛ ሬዚስታንስ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከብሬከሩ የተነቀለ ሽቦ፣ መብራት ካለበት ሽቦ ጎን በአንድ ቱቦ ሲያልፍ፣ በሽቦዎቹ መካከል ባለው ካፓሲታንስ (ሳይነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያዛምት ትስስር) ምክንያት ሜትሩ በአሥሮች የሚቆጠር ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ባለው የቮልት መለኪያ ሲፈተሽ ንባቡ ወደ ዜሮ ከወረደ ከጎረቤት ሽቦው የተዛመተ ቮልቴጅ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሽቦውን መብራት እንዳለበት ቁጠሩት፤ በእጅ አትንኩ።

[ቅርብ ምስል፦ ሁለቱ ፕሮቦች ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው፣ ንባቡ 0.3 ኦም]

ኦም ስትለኩ መጀመሪያ ፕሮቦቹን አነካኩ። ይህ 0.3 የገመዱና የጫፎቹ ነው። 1 ኦም ሬዚስተር 1.3 ቢያነብ 0.3ቱን ቀንሱ። ትልልቆቹን፣ ለምሳሌ 1 ሜጋ ኦም፣ ስትለኩ ደግሞ ሁለቱን እግሮች በጣት አትያዙ፤ ሰውነታችሁ ፓራለል ገብቶ ንባቡን ያሳንሰዋል። ቦርድ ላይ ያለ ሬዚስተር ከሆነ ፓወሩን አጥፉ፣ ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙትን ቻርጅ አራግፉ፣ አንድ እግሩን ንቀሉና ለኩ።

ሬንጅም ይወስናል። የ1.5 ቮልት ባትሪን በ200 ቮልት ሬንጅ ከለካችሁት የመጨረሻዋ አሃዝ 0.1 ቮልት ናት። ማኑዋሉ ስለ ስህተቱ «0.5 በመቶ ሲደመር 2 አሃዝ» (የንባቡ 0.5 በመቶና የመጨረሻዋ አሃዝ ሁለት እጥፍ) ካለ፣ ሁለቱ አሃዞች ብቻ 0.2 ቮልት ስህተት ይፈቅዳሉ። ወደ 2 ቮልት ሬንጅ ሲወርድ ጠቅላላው ስህተት 0.01 ቮልት አይሞላም።