ኮረብታውን የሚከፍተው ማን ነው?

ክቡራን እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከየወረዳው የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ በተፋሰስ ልማት፣ ማለትም የኮረብታንና የማሳን አፈርና ውሃ በመጠበቅ ሥራ፣ ውስጥ ስላለው የኅብረተሰብ ተሳትፎ እንድናገር ጋብዘውኛል፤ አመሰግናለሁ። መርሐ ግብሩን ስመለከት ግን አርሶ አደሮቹ የሚናገሩት ከምሳ በኋላ ነው። የተመደበላቸው ዐሥር ደቂቃ፣ የተቀመጡትም ከኋላ በር አጠገብ ነው። ለእኔ ሠላሳ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የዛሬውን ርዕስ ለማስረዳት ይህ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን የመጣሁበት ጉዳይ ስላለኝ እቀጥላለሁ።

ከመካከላችን ፀጉራችን የሸበተው ሥራውን የጀመርነው በ1970ዎቹ፣ በምግብ ለሥራ ዘመን ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህልና ዘይት ያቀርባል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሰው ያወጣል፤ እኛ ገመድ ይዘን እንቀይሳለን። የቀን ድርሻው ሦስት ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። በዚያ ረሃብ ይህ ልጆችን አትርፏል፤ ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም። ሪፖርታችን ግን ስንት ኪሎ ሜትር እርከን፣ ስንት ችግኝ፣ ስንት የሰው ቀን የሚል ነበር። ከእርከኑ በታች ያለው ማሳ ምን አበቀለ፣ ገበሬውስ ምን አለ የሚል ዓምድ በቅጹ ላይ አልነበረም።

አንድ የወሎ ገበሬ በስብሰባ ላይ ቃል አልተነፈሰም። እጃችሁን አውጡ ሲባል አወጣ፣ ፈርሙ ሲባል በአውራ ጣቱ ፈረመ። የውጭ አገር ገምጋሚዎች በመጡ ቀን ግን በሬዎቹን ጠምዶ እርከን በተሠራበት ማሳው ላይ ጠበቀን። ማሳው ዳገታማ ነው፤ መመሪያው ደግሞ ዳገቱ ሲጨምር እርከኖቹ ይቀራረቡ ይላል። «ጌታዬ፣ እስቲ አንድ ትልም ያርሱልኝ» አለው አብሮን ለመጣው መሐንዲስ። መሐንዲሱም ደግ ሰው ነበር፤ ኮቱን አውልቆ እርፉን ጨበጠ። አግድም ሲሄድ ደህና ነበር። እዚህ ያላችሁ እንደምታውቁት ግን በእኛ ማረሻ መሬት የሚለሰልሰው በመስቀልኛ ደግሞ ሲታረስ ነው። በሬዎቹ ወደ ላይ ዞረው ጥቂት እንደሄዱ አንደኛው ካቡ ላይ ወጣ፤ ሌላው ከታች ቀረ፤ ቀንበሩ ተጣመመ፤ መሐንዲሱም ድንጋዩ መካከል ተቀመጠ። አገር ሳቀ። ገበሬው ግን አልሳቀም። «በሬዎቹ መመሪያውን አላነበቡም» አለ። ከዚያም በየሁለቱ አንዱ እርከን ቢነሣ ማረስ እንደሚቻል፣ በካቡ ውስጥ የተራባው አይጥ ዘሩን እንደጨረሰበት፣ ድንጋዩ የበላበት መሬት ደግሞ የአንድ ልጁን ቀለብ እንደሚያበቅል አንድ በአንድ አስረዳ። እኔ ከዚያ የተሻለ የአፈር ጥበቃ ትምህርት በክፍል ውስጥ አልተማርሁም። ከወራት በኋላ የደረሰን ሪፖርት ምን ይላል? የአርሶ አደሩ ግንዛቤ ዝቅተኛ በመሆኑ ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልጋል!

የሥልጠናውም አበል ለእኛ ተከፈለን።

1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ሲወድቅ ከከብትና ከመጥረቢያ የተከለለ ስንት ኮረብታ ተመነጠረ፣ ስንቱ እርከን ድንጋዩ ተለቅሞ ለቤት ካብ ዋለ! ያን ጊዜ በየቢሮው የተባለው ሕዝቡ ውለታ ቢስ ነው የሚል ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው። ያ ኮረብታ የሚናቅም የሚከበርም ባለቤት አልነበረውም። ሣሩ ሲደርስ ማን ያጭዳል፣ ዛፉ ሲያድግ ማን ይቆርጣል ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ገበሬው የግጦሽ መሬቱን አጥቶ፣ ጉልበቱን ከፍሎ፣ በዘበኛ ተባርሯል። መጥረቢያ ማንሣቱ ይገርማል?

ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ፈረንጅ የሚመጣበት ያ ውርጫም አምባ ቄሮ በሚባለው ያገሬው የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ ይነገራል። ሕዝቡ አለቃውን ይመርጣል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ የሚከፈትበትን ቀን የሚወስነው እዚያው ያለው ሰው ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነው በሥርዓት ይታጨዳል። ደንብ የጣሰ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ዘመኑን እያወደስሁ አይደለም፤ መብቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለነበር ርስት የሌለው ደጅ ቀርቷል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሲሽር ግን ቀኑን የሚወስነውንም አብሮ ሻረው፤ ጓሳውም ለሁሉም ክፍት ሆኖ ተጎዳ። ዛሬ ቆሞ ያለው የአካባቢው ቀበሌዎች ተሰባስበው ጥበቃውን እንደገና በኮሚቴ ስላቋቋሙት ነው።

በወላይታ ያለውን ሁምቦን ታውቁታላችሁ። 2,728 ሄክታር ኮረብታ፣ ሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ዛፎቹ ከአየር ለሚይዙት ካርቦን ከተከፈለው፣ ከካርቦን ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ገንዘቡ ነው። እኔ የማየው ማኅበራቱ የመጠቀሚያ መብት በእጃቸው መያዛቸውን ነው።

አሁን ለለጋሾቻችን፣ ለቢሮ ኃላፊዎቻችንና ለእኛም ለባለሙያዎቹ በግልጽ ልናገር። በጥርና በየካቲት ገበሬው በነፃ ሲቆፍር የሚውልበትን ቀን በብር ተምናችሁ «የኅብረተሰብ መዋጮ» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። መልካም። ያን ያህል ያዋጣ ባለ አክሲዮን በየትኛው ባንክ ነው ድምፅ የሚነፈገው? እምቢ ማለት የማይቻልበት ስብሰባ ላይ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ፈቃድ ነው የሚለኝ ካለ ይነሣና ይከራከረኝ! የሦስት ዓመት ፕሮጀክት አምጥታችሁ፣ ለማገገም ከዚያ በላይ የሚፈልግ ኮረብታ ከልላችሁ፣ መኪናው ሲሄድ ቁልፉን ለማን ነው የምትሰጡት?

ስለ ሴቶች ተሳትፎና ስለ በጀት አለቃቀቅ ያዘጋጀሁት ነበር፤ በጽሑፍ ለአዘጋጆቹ እሰጣለሁ።

ከሻይ በኋላ የአዲሱ ፕሮጀክት ረቂቅ ይቀርባል። ትናንት ማታ አንብቤዋለሁ፤ የሚከለለው ቦታ በካርታ አለ፣ የጉልበት መዋጮውም ተሰልቷል። ሣሩን ማን እንደሚከፍት፣ ቀበሌው አልፈልግም ቢል ምን እንደሚደረግ ግን አንድ መስመር የለም። ረቂቁ ወደ ፊርማ ከመሄዱ በፊት ሁለቱም አንቀጾች እንዲገቡ እጠይቃለሁ። የእኔንም ቀሪ ደቂቃዎች ከኋላ ለተቀመጡት ሰጥቻለሁ፤ ከምሳ በኋላ ሳይሆን አሁን ይናገሩ።