ክትፎው ነው ወይስ ቀለሙ?

እንደምን አረፈዳችሁ ጎረቤቶቼ።

የማኅበራችን ሊቀ መንበር «ስለ አለርጂ ትንሽ አውሪልን» ሲሉኝ ደስ ነው ያለኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ መድኃኒት ቤት ቆሜ ስውል «አለርጂክ ነኝ» የሚል ሰው አላጣም። አቧራውም አለርጂ፣ ሽሮውም አለርጂ። አማቴ አለርጂዬ ናት ያለችኝም አለች፤ ለእሷ መድኃኒት የለኝም።

የሰውነታችን መከላከያ አንዳንዴ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል። ጄል እና ኩምብስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1963 ይህን ያለቦታው መቆጣት በአራት ከፈሉት። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከስንት ሰዓት በኋላ ጀመራችሁ?

አንዷ ጎረቤታችን ቅዳሜ ሠርግ ነበረባት። እዚሁ ተቀምጣለች፣ አውሪው ብላኛለች። እሑድ ጠዋት የዓይኗ ቆብ አብጦ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ውሃ ቋጥሮ መጣች። «የሠርጉ ክትፎ ነው» አለች። ፀጉሯን አየሁት፣ ጥቁር ቀለም ያበራል። «ቀለሙማ ሐሙስ ነው የተቀባሁት። ያን ቀን ምንም አላደረገኝም። ድሮም እቀባዋለሁ» አለችኝ።

እኔም የጠረጠርኩት ለዚሁ ነው። ይህ አራተኛው ዓይነት ነው። ሥራው ቲ ሴሎች የሚባሉ የደም መከላከያ ሕዋሳት ነው፤ እነሱ ደግሞ ተጠራርተው እስኪደርሱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃሉ። ድሮ ስትቀባ መዝግበውት ነበር፣ አሁን ተቆጡ። ኒኬል ያለበት የጆሮ ጌጥም እንዲሁ ያደርጋል። የቲቢ የቆዳ ምርመራ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ቆይቶ የሚነበበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ግን ጊዜ አይሰጥም። ንብ፣ ኦቾሎኒ፣ የፔኒሲሊን መርፌ ሊሆን ይችላል። አይጂኢ የሚባለው አንቲቦዲ፣ ማለት መከላከያችን የሚሠራው ፕሮቲን፣ ማስት ሴሎች የሚባሉ ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል፣ እነሱም ሂስታሚን የተባለውን የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ንጥረ ነገር ያፈሳሉ። በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነት ያሳክካል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ግፊት ይወርዳል። ያኔ የሚያድነው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ኪኒን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ከዚህ ሆስፒታል ለመድረስ መንገዱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መርፌ ስትወጉ እባካችሁ ግማሽ ሰዓት እዚያው ተቀመጡ። «ታክሲ አመለጠኝ» ብላችሁ አትሩጡ።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ቀስ ብለው ነው የሚመጡት። በልጆቻችን ቶንሲል ላሳያችሁ። ቶንሲሉን ላመጣው ባክቴሪያ የተሠራ አንቲቦዲ የልብን ሥጋ ከባክቴሪያው ጋር አምታቶ ሲመታ ሁለተኛው ነው፤ የልብ ቫልቭ የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንቲቦዲውና የባክቴሪያው ቁራጭ ተጣብቀው ኩላሊት ውስጥ ሲከማቹ ደግሞ ሦስተኛው ነው። ጉሮሮው ከተሻለው ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ፊት ጠዋት ጠዋት ካበጠ፣ ሽንቱ ሻይ ከመሰለ፣ ወደ እኔ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የሠርጉ ባለቤቶችም እዚህ አላችሁ መሰለኝ። ክትፎው ነፃ ነው። ቡናው እስኪፈላ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ ሰዓቱን ግን አስታውሶ ይምጣ።