ነፍሳት የሚያረቡ ሰዎች ማህበር ምን ይሠራል?

ሰላም፣ ሰላም ወዳጆቼ! እንኳን ደህና መጣችሁ። መጀመሪያ ስክሪኑን እዩልኝ። ምን ታያላችሁ? ጭራሮ። ደረቅ፣ ቀጭን፣ እሳት ማያያዣ የሚሆን ጭራሮ። አይዟችሁ፣ ቪዲዮው አልቆመም። ኔትወርካችሁም ደህና ነው። ትንሽ ጠብቁ። ይኸው! ተራመደ። ጭራሮው ተራመደ!

ስድስት እግር አለው። ቅጠል ይበላል። እንቁላል ይጥላል። ነፍሳት ነው፤ ጠላቶቹ እንዳያዩት እንጨት መስሎ የሚኖር። ሳይንሱ እሱንና ቅጠል የሚመስሉትን ዘመዶቹን ፋስሚድ ይላቸዋል። ከ3,000 በላይ ዓይነት አላቸው። እኔ ለዛሬ ጭራሮ ነው የምለው። ፋስሚድ፣ ፋስሚድ ስል ምላሴ ይተሳሰራል።

ግን የዛሬው ወሬያችን ስለ ነፍሳቱ ብቻ አይደለም። ስለ ሰዎቹ ነው። ይህን ነገር ቤታቸው ውስጥ ስለሚያረቡ፣ ስለሚያጠኑ፣ አልፎ ተርፎም ማህበር ስላቋቋሙ ሰዎች። አዎ፣ ማህበር! ሊቀመንበር ያለው፣ ገንዘብ ያዥ ያለው፣ መዋጮ የሚከፈልበት። እንዳትስቁ። እኛም በማህበር አንታማም።

ማህበሩ እንግሊዝ አገር ነው ያለው። ፋስሚድ ስተዲ ግሩፕ ይባላል። የተመሠረተው በ1980 ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ብቻውንም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ ለነፍሳት አፍቃሪዎች በ1935 የተቋቋመ አማተር ኢንቶሞሎጂስትስ ሶሳይቲ የሚባል ማህበር አለ፤ ለልጆችም የራሳቸው ክለብ አለው። ለታራንቱላ፣ ማለትም ለእነዚያ ጸጉራም ትልልቅ ሸረሪቶች ደግሞ በ1984 የተመሠረተ ብሪቲሽ ታራንቱላ ሶሳይቲ አለ። እኔ ግን ልቤ ጭራሮዎቹ ጋ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

እሺ፣ እነዚህ ሰዎች ሲሰበሰቡ ምን ይሠራሉ? ለብዙ ዓመታት ለንደን በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲሰበሰቡ ኖረዋል። ሻይ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ። ዋናው ነገር ግን የተረፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዱ እንቁላል በትንሽ ዕቃ፣ አንዱ ጫጩት በሳጥን። ይሰጣሉ፣ ይቀበላሉ፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ይህን ለመረዳት ስለ እርሾ እናውራ። አዎ፣ ስለ እንጀራ እርሾ። ታገሱኝ።

የእናታችሁን ቤት አስቡ። ሊጡ ይቦካል፣ ከላይ ያ ቢጫ ውሃ ይንሳፈፋል። እሱ ይቀዳና ይቀመጣል። ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ይሆናል። ከዚያም ለሚቀጥለው። ያ እርሾ ስንት ዓመት እንደኖረ ማንም አያውቅም። እናታችሁ ከእናቷ፣ ወይ ከጎረቤት ነው ያመጣችው። አሁን አንድ ቀን የቤት ሠራተኛዋ ዕቃ ስታጥብ ደፋችው። ወይም ሻገተ። በዓል ደግሞ ነገ ነው! ምን ይደረጋል? ልጅ ይላካል። «እትዬ፣ እናቴ እርሾ ላኩልኝ ብላለች።» እትዬም በኩባያ ቀድተው ይሰጡታል። እንደውም «የእናንተው ነው እኮ፣ ባለፈው ከእናንተ ነው የወሰድኩት» ይሉታል።

ልብ በሉ! እናታችሁ እርሾዋን ያዳነችው ደብቃ በማስቀመጥ አይደለም። ቀድማ በመስጠቷ ነው። ባትሰጥ ኖሮ የተደፋ ቀን አለቀ ነበር። በእኛ ሰፈር እርሾ አይሸጥም፣ ይሰጣል። ሌላም ነገር አለ። ለአንድ ጎረቤት ብቻ መስጠት አይበቃም። እሷም ልትደፋው ትችላለች። ለሦስት፣ ለአራት ቤት ስትሰጪ ነው ነገሩ የሚጸናው። ዋሽንግተን ያላችሁ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ከአንድ አፓርታማ ተነስቶ ስንት ቤት የገባ እርሾ አለ አይደል?

የጭራሮ ማህበርም ይኸው ነው። አንድ አባል ከሩቅ አገር የመጣ ዓይነት አለው እንበል። ክረምት ላይ ማሞቂያው ተበላሸ። ጠዋት ሲነሳ ሁሉም ሞተዋል። የዓመታት ድካም ገደል ገባ። ምን ያደርጋል? ስልክ ይደውላል። ዓምና እንቁላል ከሰጠው ሰው መልሶ እንቁላል ይቀበላል። እንቁላሉ የዘር ፍሬ የሚያህል ስለሆነ በፖስታ ሳይቀር ይላካል። ያ ዓይነት እሱ ቤት ጠፋ እንጂ ከማህበሩ አልጠፋም።

ማህበሩ ለዚህ ብሎ የሠራው ጥሩ ነገር አለ። አባላቱ ለሚያረቡት ለእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ፒኤስጂ 1፣ ፒኤስጂ 2 እያለ ይቀጥላል፤ ፒኤስጂ የማህበሩ የእንግሊዝኛ ስም ምህጻር ነው። እግር ኳስ ተመልካቾች ተረጋጉ፣ የፓሪሱ ክለብ አይደለም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ሳይንሳዊ ስም ስለሚቀያየር ነው። ስሙ ገና ያልታወቀም ዓይነት አለ። ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። ፒኤስጂ 1 ማን ነው? ካራውሲየስ ሞሮሰስ፣ የሕንዱ ጭራሮ። እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት የተማራችሁ ክፍል ውስጥ አይታችሁት ይሆናል።

አሁን ወደ ሳይንሱ። በፍጥነት ነው የማልፈው፤ ሙሉ ለውጥና ከፊል ለውጥ የሚባለውን በባዮሎጂ ተምራችኋል። እንደ ቢራቢሮ ከትል ተነስቶ ፍጹም ሌላ መልክ መያዝ ሙሉ ለውጥ ነው፤ ጭራሮ ግን ከፊል ለውጥ ነው። ትል የሚመስል እጭ የለ፣ ሽፋን ውስጥ የሚተኛበት ደረጃ የለ፤ ከእንቁላሉ ትንሽ ጭራሮ ይወጣል። ሲያድግ ቆዳውን ይቀይራል፣ የሚቀይረውም ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ከነፍሳቱ ርዝመት ሦስት እጥፍ ያህል ከፍ ማለት አለበት። አለበለዚያ ተጣሞ ይቀራል ወይ ይሞታል። የሕንዱ ጭራሮ ሴቷ ብቻዋን ትራባለች። ወንድ አያስፈልጋትም። ልጆቿ ሁሉ ሴት፣ ሁሉም የእሷ ቅጂ። በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ለመፈልፈል ወራት ይፈጃል። ምግቡ ደግሞ የዱር እንጆሪ ቅጠል፤ እንግሊዝ ውስጥ በክረምትም አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ አርቢዎቹን ያዳናቸው እሱ ነው። አለቀ። ቴክኒኩ ይኸው ነው።

ስለ ወንድ ካነሳን አንዲት ጣል ላድርግ። አካንቶክሲላ የሚባል የኒውዚላንድ ጭራሮ አለ። ከዕፅዋት ጋር ተጭኖ እንግሊዝ ገባና ኮርንዎል ላይ ዱር ውስጥ ይኖራል። ወገኑ በሙሉ ሴት ብቻ ነው ተብሎ ነበር። በ2016 አንድ ወንድ ተገኘ። የት? ኒውዚላንድ እንዳትሉ። ኮርንዎል!

እሺ፣ እዚህ ላይ ልቁም። ባለፈው የሸረሪት ቪዲዮ ከለቀቅን ወዲህ አንድ ጥያቄ እየተደጋገመ መጥቷል። ዛሬም እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። «እነዚህ ሰዎች ነፍሳትና ሸረሪት ቤታቸው ሲያኖሩ ሸረሪት አይሸናባቸውም? አልማዝ ባለጭራ አይወጣባቸውም?» የሚል። ለኮሜንት አጭር መልስ ልሰጥ አሰብኩና አልበቃ አለኝ።

አንደኛ፣ ሸረሪት እንደ እኛ ሽንት አይሸናም። ቆሻሻው ነጭ፣ ወፈር ያለ ነገር ነው። ሰው አያቆስልም።

ሁለተኛ፣ አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው ከሸረሪት አይደለም፤ ከቫይረስ ነው። በልጅነት ቺክን ፖክስ የሚያመጣው ራሱ ቫይረስ። ሽፍታው ይድናል፣ ቫይረሱ ግን ከሰውነት አይወጣም። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ከዓመታት በኋላ፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይ ሰውነት ሲዳከም፣ ይነሳል። የነርቩን መስመር ተከትሎ ስለሚወጣ ነው በአንድ ጎን እንደ ቀበቶ የሚዘረጋው። ያ «ጭራ» የምትሉት እሱ ነው። መድኃኒት አለው፣ መድኃኒቱ ደግሞ በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ስለዚህ ሸረሪት ነው ብላችሁ ቅጠል ስትቀቡ አትክረሙ። ሐኪም ቤት ሂዱ። በተለይ ዓይን አካባቢ ከወጣ ዛሬውኑ።

«እኔ ግን ማታ ደህና ተኝቼ ጠዋት ፊቴ ተቃጥሎ ነው የተነሳሁት» የምትሉም አላችሁ። እውነት ነው፣ ይህም አለ። ግን እሱንም ሸረሪት አላደረገውም። ናይሮቢ ፍላይ የሚባል ነገር ሰምታችኋል? ፍላይ ይባል እንጂ ዝንብ አይደለም፣ ጥንዚዛ ነው። ቀጭን፣ ጥቁርና ብርቱካናማ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ። ከዝናብ በኋላ ይበዛል፣ ማታ መብራት ይስበዋል። አይናከስም፣ አይናደፍም። አንገታችሁ ላይ ሲሄድ ጧ አድርጋችሁ ስትጨፈልቁት ግን ከሰውነቱ ፔደሪን የሚባል መርዝ ይፈሳል። መርዙን የሚሠሩት ውስጡ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቃጠሎው ወዲያው አይታይም፣ አንድ ቀን ወይ ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ማን እንዳደረገው አታስታውሱም። ጥግ ላይ ድሩን ያደራው ሸረሪት ይከሰሳል! ምስኪን።

መፍትሔው? አትጨፍልቁት። እፍ በሉት። ከጨፈለቃችሁት በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ እጃችሁን ዓይናችሁ ውስጥ አትክተቱ። ይህን ክፍል ቆርጣችሁ ለቤተሰብ ግሩፕ ላኩት፣ ተፈቅዷል። ሰብስክራይብ ያላደረገ ካለም አሁን ያድርግ።

ወደ ጭራሮአችን። የማህበር ጥቅም ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

አውስትራሊያ አጠገብ ሎርድ ሃው የምትባል ደሴት አለች። የአዋቂ ሰው መዳፍ የሚያህል ጥቁር ጭራሮ ነበረባት። በ1918 አንድ መርከብ ከደሴቷ ዳር ተጋጨና አይጦች ወረዱ። በ1920 አካባቢ ጭራሮው ከደሴቷ ጠፋ። ጠፋ ተብሎ ተጻፈ። በ2001 ሰዎች ከዚያ 23 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ፣ ከባህር ቀጥ ብሎ የወጣ ገደል ላይ ወጡ። ቦልስ ፒራሚድ ይባላል። አንድ ቁጥቋጦ ሥር ከሠላሳ የማይበልጡ ጭራሮዎች አገኙ። በዓለም የቀሩት እነሱ ብቻ!

በ2003 ሁለት ጥንድ ተወሰደ። አንዱ ጥንድ ሲድኒ ለሚገኝ የግል አርቢ፣ ሌላው ለሜልቦርን የእንስሳት ማቆያ። የሲድኒዎቹ በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። የሜልቦርኖቹ አዳምና ሔዋን ተባሉ። ሔዋንም ታመመችና ልትሞት ደረሰች። ጠባቂዋ ካልሲየምና የአበባ ማር ውሃ ቀላቅሎ በጠብታ እየሰጣት ዳነች። ዛሬ ሺዎች ናቸው፣ እንቁላላቸውም ወደ ብሪስቶል፣ ሳንዲያጎና ቶሮንቶ የእንስሳት ማቆያዎች ሄዷል። ሁለቱም ጥንድ ሲድኒ ቢቀመጡ ኖሮ አስቡት። እርሾው በአንድ ማሰሮ!

ሁለተኛው ፔሩ ነው። ፔሩፋዝማ ሹልቴይ፤ ሰውነቱ ጥቁር ከፋይ፣ ዓይኑ ቢጫ፣ ትንንሽ ክንፎቹ ቀይ። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። በ2005 ነው ለሳይንስ የተገለጸው። የተገኘበት ቦታ ከአምስት ሄክታር አይበልጥም። እዚያ የሚበላው የቁንዶ በርበሬን ዛፍ ወገን ነው። አዎ፣ አዲስ አበባ መንገድ ዳር የምናውቀው የቁንዶ በርበሬ ወገን። አርቢዎች ተቀባበሉትና በአጭር ዓመታት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰው። ዛሬ ከትውልድ ጫካው ይልቅ ሰው ሳሎን ውስጥ ያለው ሳይበዛ አይቀርም።

ታዲያ የሸረሪቶቹን ማህበር ትቼ ጭራሮ ለምን መረጥኩ? ገንዘብ ነው ነገሩ። ታራንቱላ ውድ ነው። ነገር ሲወደድ ከጫካ እየዘረፈ የሚሸጥ ሰው ይመጣል። የሜክሲኮ ቀይ ጉልበቶቹ ታራንቱላዎች ንግዳቸው ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር የገባው በከንቱ አይደለም። የጭራሮ እንቁላል ግን እፍኝ ሙሉ ይሰጥሃል፣ «ውሰድልኝ በናትህ» ተብሎ። ከዚህ ላይ ማን ያጭበረብራል?

አሁን አንዳንዶቻችሁ ልትጀምሩ ትፈልጋላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታዝዙ። እዚያ ጭራሮ የእርሻ ተባይ ሊሆን ይችላል ተብሎ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ኢትዮጵያ ያላችሁም ከውጭ እንቁላል በሻንጣ እንዳታስገቡ። ኮርንዎል የሆነውን ነግሬያችኋለሁ። ከግቢያችሁ ጀምሩ። የምታገኙትን ጭራሮ ከነበረበት ቅጠል ጋር ከፍ ያለ የመረብ ሳጥን ውስጥ አድርጉ። ምን እንደሚበላ፣ መቼ ቆዳ እንደቀየረ፣ መቼ እንቁላል እንደጣለ ጻፉ። የእንግሊዞቹ ማህበር ጽሑፎች እኮ የተሞሉት በእንደዚህ ዓይነት የተራ ሰው ማስታወሻ ነው።

ብቸኛው ችግር እንቁላሉ ይበዛባችኋል። መቀበል የሚፈልግ ሰው ካጣችሁ ሜዳ ላይ አትድፉት። በፖስታ ከታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ጥቂት ቀን አቆዩትና ከዚያ ጣሉት። ፖስታው ላይ ግን በትልቁ ጻፉበት። ዘር ነው የሚመስለው፣ እናታችሁ ቅመም ብላ ድስት ውስጥ ብትጨምረው እኔ የለሁበትም።