20 ኪሎው ከየት መጣ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። የማወራችሁ ከጣፎ ነው። ከኋላ የሚንጓጓው ሚክሰር ነው፤ ጎረቤት ዛሬ ሶሌታ እየተሞላ ስለሆነ እስኪመሽ ዝም የሚል አይመስለኝም፣ ታገሡኝ።

የዛሬው ወሬ የሴት ጡንቻ ዕድገት ታሪኮች ናቸው። አንዲት ሴት በሆነ ምክንያት ጡንቻዋ ማደግ ይጀምራል፤ ትከሻዋ ይሰፋል፣ ልብሷ ይጠባል፣ ጉልበቷ ይበረታል፣ ኑሮዋም አብሮ ይገለበጣል። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ወዳጆች ታውቁታላችሁ። የማታውቁትም ቢሆን የማርቨል ኮሚክ ጀግናዋን ሺ-ሐልክን ሳትሰሙ አትቀሩም። ጠበቃዋ ጄኒፈር ዋልተርስ ከዘመዷ ከብሩስ ባነር ደም ተሰጥቷት አረንጓዴ ግዙፍ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የሚገርመው፣ ሚስ ኦሊምፒያ የሚባለው የሴቶች የሰውነት ግንባታ ውድድር የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው፤ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ራቸል ማክሊሽ ትባላለች። ጡንቻማ ሴት በወረቀትም በመድረክም እኩል ብቅ አለች ማለት ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ሂሳቡ ነው። እነዚህ ታሪኮች ሲበላሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት ሂሳብ ላይ ነው። ጸሐፊው "ግዙፍ"፣ "አስፈሪ"፣ "እንደ ብረት የጠነከረ" እያለ ቅጽል ይደረድራል፤ ሴትየዋ ግን ምን ያህል እንዳደገች፣ ከምን እንዳደገች፣ በየት በኩል እንደጀመረች አይታወቅም። አንባቢ ደግሞ ቅጽል ይሰለቸዋል። ቁጥር አይሰለቸውም።

ምሳሌ እንያዝ። ሴትየዋን ትዕግሥት እንበላት። 28 ዓመቷ ነው፤ በነገራችን ላይ ባለታሪኳ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ትሁን፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ትኖራለች፣ አሳንሰር የለም። ቁመቷ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቷ 58 ኪሎ። በታሪኩ መጨረሻ 78 ኪሎ ልትሆን ነው፤ 20 ኪሎ ጡንቻ ትጨምራለች።

እሺ፣ 20 ኪሎው ከየት መጣ? ጡንቻ ከመቶ 75 እጁ ገደማ ውሃ ነው፣ 20 እጁ ገደማ ፕሮቲን። ስለዚህ ለ20 ኪሎ ጡንቻ 15 ሊትር ውሃና 4 ኪሎ ፕሮቲን ያስፈልጋል። 15 ሊትር ማለት የቢጫዋ ጀሪካን ሦስት አራተኛ ነው። ፕሮቲኑን ከሽሮ እናምጣው ካልን፣ የሽምብራ ዱቄት ከመቶ 20 ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ፣ 20 ኪሎ ሽሮ ይፈልጋል፤ ያውም አንዲት ግራም ሳትባክን። እና ጸሐፊው "ብልቃጧን ጨለጠችው፣ በደቂቃ ውስጥ አደገች" ሲለኝ የምጠይቀው፣ ጀሪካኑን ማን ጠጣው?

መውጫ መንገድ አለው። አንደኛው ሂሳቡን እንዳለ መክፈል ነው፤ ትጠጣለች፣ ትበላለች። እኛ ዳር አገር ያለን ሰዎች ደግሞ ይሄ ምን እንደሚያመጣ እናውቃለን። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ትዕግሥት ሌሊት ተነሥታ ለሳምንት ከተጠራቀመው በርሜል ጀሪካን የሚጠጋ ስትጠጣ፣ ጠዋት እናቷ ክዳኑን ከፍተው ሲያዩ፣ "ማነው ይሄን ውሃ ያጎደለው?" ሲሉ ታሪኩ እዚያው ግጭት አገኘ። የጭራቅ ዳንኪራ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው መንገድ ማዘግየት ነው። ይሄኛው ለእኔ ይጥመኛል። በእውነተኛው ዓለም ልምምድ የጀመረች ሴት በመጀመሪያው ዓመት በወር ግማሽ ኪሎ ጡንቻ ከጨመረች ጎበዝ ናት። በዚያ ፍጥነት 20 ኪሎ 40 ወር ይፈጃል፤ ፍጥነቱ ደግሞ ይቀንሳል እንጂ አይዘልቅም። ስለዚህ ደራሲው አሥር እጥፍ ቢያፈጥነው እንኳ አራት ወር ሆነ። አራት ወር ለታሪክ ቆንጆ ርዝመት ነው፤ በመካከሉ ሁዳዴን ማስገባት ይቻላል። 55 ቀን ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ዕንቁላል የለ። ጡንቻ ለሚገነባ ሰው በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይመከራል፤ ለ60 ኪሎ ሴት 96 ግራም ነው። ከምስር ብቻ ልታገኘው ብትል በቀን ወደ 400 ግራም ደረቅ ምስር ትቀቅላለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ከሆነም ሁሉንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ትጨርሳለች። ይህ በተለመደው ፍጥነት ለሚገነባ ሰው ነው፤ የትዕግሥት ዕድገት አሥር እጥፍ ስለሆነ ድስቷ ከዚህም ይተልቃል። ያ ረሀብ፣ ያ የድስት መጠን፣ የቤተሰብ ትዝብት... ከየትኛውም የላቦራቶሪ ትዕይንት ይበልጣል።

ሦስተኛው አስማት ነው። አስማት ከሆነ አስማት ነው በሉና ዋጋውን ንገሩን። ግማሹን ሳይንስ ግማሹን ድግምት አድርጎ ማምለጥ አይሠራም።

ስለ መነሻው ምክንያት ካነሣን አይቀር፦ ጠበልን እንደ ጡንቻ መድኃኒት የሚጠቀሙ ሙከራዎች ርካሽ ይመስሉኛል። ሰው ለሕመሙ ተስፋ አድርጎ የሚሄድበት ቦታ ነው። የቡዳ ተረትም እንዲሁ፤ ሰው ወደ ጅብ ይለወጣል የሚለው ወሬ ስንት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ አስገልሏል። ለውጡ ከፋርማ ፋብሪካ እንዲመጣ ከፈለጋችሁ ቂሊንጦ ለመድኃኒት ምርት የተዘጋጀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ ከቱሉ ዲምቱ ሩቅ አይደለም፣ ማታ ማታ ከሥራ የሚመለስ ሰርቪስ ማስገባት ትችላላችሁ። ምክንያቱ የወንድ ሆርሞን ከሆነ ግን ድምፅዋን አትርሱ። ይጎረንናል፤ መድኃኒቱ ቢቆምም ብዙ ጊዜ ወደ ነበረበት አይመለስም። በስልክ የሚያውቋት ሰዎች ከሚያዩዋት ሰዎች ቀድመው ይደነግጣሉ።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ጉልበት ከመጠን ይቀድማል። ልምምድ በጀመረ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ጥንካሬ በአብዛኛው ከነርቭ የሚመጣ ነው፤ ያለውን ጡንቻ በደንብ ማዘዝ ይማራል። መስታወቱ ምንም ሳያሳይ ጀሪካኑ ይቀልላል። እኔ የምመክረው አንድ ዕቃ መርጦ ሦስት ጊዜ ማሳየት ነው። መጀመሪያ 20 ሊትሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ወገቧን አጣማ፣ በየፎቁ እያሳረፈች ትወጣለች። ቀጥሎ በአንድ እጅ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ እጅ ለመቀየር ብቻ ቆማ። በሦስተኛው በግራም በቀኝም አንድ አንድ ይዛ በስልክ እያወራች። "ጠነከረች" የሚል ቃል አንድም ቦታ አልጻፋችሁም።

የሚዘገየው ደግሞ ጅማት ነው። ጅማት ከጡንቻ ቀስ ብሎ ነው የሚላመደው። ጡንቻዋ የሚያነሣውን ክርኗ ላይ ያለው ጅማት ገና አልቻለውም። ክርን፣ ጉልበት፣ ትከሻ ላይ ሕመም ይኑራት። ልቧም በአንድ ሌሊት አያድግም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፤ ያ ሁሉ አዲስ ጡንቻ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኩንታል አንሥታ ደረጃው ላይ ትንፋሽ ያጠራት ሴት ትታመናለች።

አንድ በጣም የተለመደ ስሕተት አለ፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው ሴትየዋን ሁሉንም ነገር በእኩል ያሳድጋታል፤ ቁመቱንም ስፋቱንም በ20 በመቶ እንበል። ቁመቷ 1 ሜትር ከ94 ሆነ። ክብደት ግን በሦስት አቅጣጫ ነው የሚያድገው፤ 1.2 ሦስት ጊዜ ሲባዛ 1.73 ገደማ ነው፣ 58 ኪሎዋ 100 ሆነ። ጉልበት ደግሞ የሚከተለው የጡንቻውን ውፍረት ነው፣ እሱ በሁለት አቅጣጫ ብቻ ያድጋል፦ 1.44። ክብደቷ በ73 በመቶ ጨምሮ ጉልበቷ በ44 በመቶ ብቻ ጨመረ። ጀግና አደረግኋት ያለው ደራሲ ራሷን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ መውጣት አክብዶባታል!

ቁመቷን ሳትነኩ ጡንቻ ብቻ ብትጨምሩ ነገሩ ይገለበጣል። 58 ኪሎ ሴት 18 ኪሎ ገደማ ጡንቻ አላት። 20 ሲጨመር 38፤ ጉልበቷ በግምት እጥፍ ሲሆን ክብደቷ የጨመረው በሲሶ ነው። ክንዷስ? 28 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ የነበረው ክንድ ጡንቻው እጥፍ ሲሆን ወደ 35 ይደርሳል፤ አጥንቱና ስቡ እዚያው ናቸውና። 35 ትንሽ መሰላችሁ? 1 ሜትር ከ62 በሆነች ሴት ላይ ማንም ዞር ብሎ ያያል። 50 ሴንቲ ሜትር ብለው የሚጽፉ የክንዱን ጡንቻ ወደ አምስት እጥፍ እየወሰዱት መሆኑን ይወቁት።

ልብስ። ይሄ ዘውጉ የሚወደው ነገር ነው፣ ግን ሁሉም ልብስ እንደ ወረቀት ሲቀደድ ነው የምናነበው። ቲሸርት ሹራብ ጨርቅ ነው፣ ይለጠጣል እንጂ አይቀደድም፤ እጅጌው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ከታች እምብርት ይታያል። ጂንስ የሚለቀው በጭኑ የውስጥ ስፌት በኩል ነው። የሀበሻ ቀሚስ አይለጠጥም፤ ግን ሽመናው ከመቀደዱ በፊት ስፌቱ ይለቃል፣ መጀመሪያ ብብት፣ ከዚያ ከኋላ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ በተለይ እጇን ወደ ፊት ስትዘረጋ። ቡና ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ጠቅ ጠቅ የሚል የክር ድምፅ። ነጠላው ግን ስፌት የለውም፣ ምንም አይሆንም፤ ስለዚህ ቶሎ ስባ የምትሸፈነው በእሱ ነው። ቀለበትም አይጠብም፤ ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም፣ ጣትን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ መዳፍና ክንድ ውስጥ ነው ያለው።

አንገት ግን ይወፍራል፣ ከማጅራት እስከ ትከሻ ያለው ሁሉ ይነሣል። ባለታሪኳ ማተብ ካላት እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ማተብ መበጠስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ የነበረው ጥቁር ክር ቀስ በቀስ ቆዳዋ ላይ መስመር ሲያበጅ፣ ጣቷን ከሥሩ ለማስገባት ስትቸገር፣ እናቷ "ፍቺውና አላልተሽ እሰሪው" ሲሏት፣ ቋጠሮው ደግሞ ከስንት ዓመት ላብ ጋር ደርቆ አልፈታ ሲል። መቀስ ማን ያነሣል? እሷ ወይስ እናቷ? ይህን ትዕይንት ሸሚዝ ለመቅደድ ስትሉ አትዝለሉት።

ሰዉስ ምን ይላል? የውጪውን ታሪክ ገልብጦ ማምጣት የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ጡንቻማ ሴት ስትታይ ጂም ነው የሚታሰበው። እዚህ ግን ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ጎብጠው የሚወርዱትን እናቶች እያየን ነው ያደግነው፤ የሴት ጉልበት ከችግር ጋር ተጣብቋል። ስለዚህ የትዕግሥት ጎረቤት መጀመሪያ አትደነቅም፣ ታዝናለች። "ውይ ልጄ፣ የቀን ሥራ ጀመርሽ እንዴ?" ነው የምትላት። አዘኔታው ወደ ሐሜት፣ ሐሜቱ ወደ ፍርሃት፣ ፍርሃቱ "እስቲ ይቺን ቁም ሳጥን አንዴ ግፊልኝ" ወደ ማለት ሲሸጋገር ደራሲው ብዙ ገጽ አለው።

ታክሲ ውስጥ ወያላው ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሊጨምር "እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ" ይላል፤ የምትጠጋበት የለም። ፋይዳ መታወቂያዋም ጥሩ ጥያቄ ነው፦ አሻራዋና የዓይኗ ብሌን ያው ናቸው፣ ፎቶው ግን ሌላ ሰው ነው። ማሽኑ እሷ ናት ሲል የባንኩ ጠባቂ አይደለችም ይላል።

ከሁሉም ግን ጫኝና አውራጅ። አዲስ ኮንዶሚኒየም ዕቃ ይዞ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ትዕግሥት ፍሪጅ ገዝታ መጣች፣ 60 ኪሎ በሉት። ልጆቹ መኪናውን ከበቡ።

"እህቴ፣ ይሄ የእኛ ሥራ ነው።"

"ራሴ አወጣዋለሁ።"

"ታወጪዋለሽ። ሒሳቡን ግን ትከፍያለሽ።"

ፍሪጅ ሲወጣ የሚያስቸግረው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ መያዣ የለውም፣ የደረጃው መታጠፊያ ደግሞ ጠባብ ነው። ብቻዋን የምታወጣው ከሆነ ገመድ ከታች አዙራ በጀርባዋ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ጎኗን ሰጥታ። ልጆቹ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ዋጋ ይቀንሳሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በግማሽ ወረደ። እኔ ብሆን አራተኛው ላይ ትከፍላቸዋለች፤ የከፈለችበትን ምክንያት ግን ለአንባቢ አልነግርም።

የመጨረሻው፣ መመለሻ። "ሲነጋ እንደ ድሮዋ ሆነች" አትበሉ። 20 ኪሎ ጡንቻ በአንድ ሌሊት ከፈረሰ ቅሪቱ ደም ውስጥ ገብቶ ኩላሊት ላይ ነው የሚወርደው፤ ሽንቷ እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ወዲያው ሆስፒታል ካልደረሰች ትሞታለች። ይህን እንደ አደጋ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፣ እንደ ደስተኛ መጨረሻ ግን አይሆንም። በወራት ከቀነሰች ምንም የለበትም። ክፍል ሁለት ላሰባችሁ ደግሞ፦ ጡንቻ አጥቶ መልሶ የሚገነባ ሰው ከመጀመሪያው ጊዜ ይፈጥናል። መጀመሪያ አራት ወር ከፈጀባት ሁለተኛውን በሁለት ወር ጨርሱት፤ በርሜሉም በዚያው ልክ ቶሎ ይጎድላል።